ረጅሙን እረፍት በአንድ ርዕስ፦ ለዲዛይን ተማሪ የክረምት ሥራ መመሪያ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዲዛይን ተማሪ ሁለት ነገር ያጣል፤ ርዕስ የሚሰጠውን ሰውና የማስረከቢያ ቀኑን። «ሥዕል እለማመዳለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፊደል እቀርጻለሁ፣ ፖርትፎሊዮዬን አስተካክላለሁ» ብሎ የተነሳ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከየዘርፉ ሁለት ሁለት ጅምር ይዞ ይመለሳል። የሚሻለው ርዕሱን አንድ አድርጎ ዘዴውን ማብዛት ነው። አንድ ነገር ምረጡ፤ እሱኑ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በፀሐይ ህትመትና በሊኖ (ለስላሳ ሰሌዳ ቀርጾ በማተም) ደጋግማችሁ ሥሩት፤ ከተከማቸው ውስጥ በመጨረሻ አንድ የተጠናቀቀ ዲዛይን አውጡ። እዚህ ያለው ሁሉ ስምንት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስድስት ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ከሁለቱ ህትመቶች አንዱን ይተው እንጂ ከንድፉ ጊዜ አይቀንስ።

ርዕስ ማጥበብ

«ተፈጥሮ»፣ «ከተማ»፣ «ማንነት» የሚባሉት ለክረምት ሥራ ርዕስ አይሆኑም፤ ሄዶ ፊታቸው መቀመጥ አይቻልም። የሚሆነው በፈለጋችሁበት ቀን፣ በአሥር ደቂቃ መንገድ ውስጥ የምታገኙት ነገር ነው፦ አንድ ደረጃ፣ የአንድ ዛፍ ቅጠሎች፣ የበር እጀታዎች፣ ሰማይ ላይ የተሻገሩ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የወንበር እግሮችና ጥላቸው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ አብዛኛውን ዕድሜውን ጠርሙስና ማሰሮ ሲደረድርና ሲሥል ነው ያሳለፈው። የጃፓኑ ሆኩሳይ የፉጂን ተራራ በሠላሳ ስድስት ዕይታ ሊያሳይ ጀምሮ አሥር ጨመረበትና ተከታታዩ 46 ህትመት ሆነ። የጠበበ ርዕስ ቶሎ ያልቃል ብላችሁ አትስጉ።

ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ሦስት ዕጩ ያዙና ለእያንዳንዱ በአንድ ቁጭታ 20 ትንንሽ ንድፍ ሥሩ፤ እያንዳንዱ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማይበልጥ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወይም አሥር ንድፎች ለማንኛውም ርዕስ ይመጣሉ፤ አስቀድማችሁ የምታውቁት ምስል ናቸውና። ልዩነቱ የሚታየው ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ነው። እዚያ ላይ አዲስ ማዕዘን፣ አዲስ ዝርዝር፣ ያላያችሁት ክፍተት መታየት የጀመረበትን ርዕስ ውሰዱ።

ደብተሩን ራሳችሁ ጥረዙት

የተገዛ ደብተርም ይሠራል። በእጅ የተጠረዘ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይከፈታል፤ ወረቀቱንም እናንተ ትመርጣላችሁ፤ ለእርሳስም ለቀላል የቀለም ቅብም የሚሆን፣ በካሬ ሜትር 120 ወይም 160 ግራም የሚመዝን። 24 የኤ4 ወረቀት አራት አራት አድርጋችሁ ለሁለት እጠፉ፤ ስድስት ጥራዝ ይወጣዋል፤ በኤ5 መጠን 96 ገጽ ማለት ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ የሚስቱት የወረቀቱን የክር አቅጣጫ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የወረቀት ክሮች በአንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እጥፋቱ ክሩን ተከትሎ ካልሄደ ገጹ ደርቆ ይቆማል፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀለም ሲነካውም ጀርባው ይጠማዘዛል። ለማወቅ ወረቀቱን ሳትሰብሩ በሁለቱም አቅጣጫ በቀስታ አጉብጡት፤ በቀላሉ የተጎበጠበት አቅጣጫ እጥፋቱ መዋል ያለበት ነው። ለገበያ የሚቀርበው ኤ4 በአብዛኛው ክሩ በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ አይመችም። ክሩ በረጅሙ ጎን የሚሄድ ኤ3 ገዝታችሁ መሐል ለመሐል ብትቆርጡት አቅጣጫው ይስተካከላል።

በ210 ሚሊ ሜትሩ እጥፋት ላይ በ15፣ 60፣ 105፣ 150 እና 195 ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ፤ ጥራዙን ገለጥ አድርጋችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀጭን ወስፌ ብሱት። ሽፋኑ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን፣ ቁመቱ 216፣ ስፋቱ 151 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በሦስቱ ጎን 3 ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል። ሰም የተቀባ የተልባ ክር ሁለት ሜትር ያህል ይበቃል። ስፌቱ የሰንሰለት ስፌት ነው፦ ክሩ ከጥራዙ በቀዳዳው ይወጣል፣ ከታች ባለው ጥራዝ ስፌት ሥር ይዞራል፣ በወጣበት ቀዳዳ ይመለሳል፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ክሩን ስታጠብቁ ጀርባውን ተከትላችሁ ሳቡ። ወደ ራሳችሁ ከሳባችሁት እጥፋቱን ይቀደዋል። ካርቶኑን በወረቀት ስትለብጡ ሁለቱንም ፊት ለብጡት፤ በኮላ የራሰ ወረቀት ሲደርቅ ስለሚኮማተር በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ካርቶኑን ያጎብጠዋል። ከዚያ ክብደት ተጭኖበት ይደር።

ሁለት ሳምንት ንድፍ ብቻ

2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ብዕርና አንድ ብሩሽ ይበቃሉ። ላጲስ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ከቦርሳ ይውጣ። ላጲስ በእጅ ላይ ካለ ዓይን ከነገሩ ይነሳና የተሳሳተውን መስመር ማረም ይጀምራል፤ የተሳሳተው መስመር እዚያው ቆይቶ ትክክለኛው አጠገቡ ሲሠመር ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ። መጀመሪያ ወረቀቱን ሳታዩ፣ እርሳሱን ሳታነሱ፣ የነገሩን ዳር በዓይን እየተከተላችሁ ሦስት ሦስት ደቂቃ የሚወስዱ አምስት ንድፎች ሥሩ። ውጤቱ የተዛባ ይሆናል፤ ዓላማው ዓይኑን ማዘግየት ነው። ቀጥሎ ሠላሳ ሰከንድ የሚወስዱ አሥር ፈጣን ንድፎች፤ በነዚህ ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ብቻ ያዙ። ከዚያ ሁለት የአሥራ አምስት ደቂቃ ንድፎች፤ አንዱ ነገሩን ራሱን፣ ሌላው በዙሪያውና በመካከሉ ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ የሚያሳይ ይሁን። ይህ የመጨረሻው ለዲዛይነር ከሁሉም ይልቅ ይጠቅማል፤ የአርማ፣ የፊደልና የፖስተር ጥራት የሚወሰነው በባዶው ቅርጽ ነውና። በመጨረሻ ከቦታው ርቃችሁ አንድ ንድፍ ከትዝታ ሥሩ። ያልታወሳችሁ ክፍል ነገ በቅድሚያ የምታዩት ይሆናል።

በየገጹ ጥግ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ በቀስት ጻፉ። በኋላ ለቀለም ስትመለሱ ያለዚህ ማስታወሻ ጥላው ለምን እንደዚያ እንደወደቀ አታውቁም።

ከፎቶ መሣል ፈታኝ አቋራጭ ነው። ካሜራ ጥልቀቱን ያደላድለዋል፣ ጥላውን ያጠቁረዋል፣ ዓይን ሊመርጠው የሚገባውን ምርጫ አስቀድሞ ይመርጣል። ፎቶ አንሱ፤ ግን ከነደፋችሁ በኋላ።

ወደ ሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ንድፎቹ እርስ በርስ መመሳሰል ይጀምራሉ። ርዕሱ አላለቀም፤ እጅ መንገድ ለምዶ ነው። መሣሪያውን ለውጡ፦ ብሩሹን 60 ሴንቲ ሜትር በሚሆን እንጨት ላይ አስራችሁ ቆማችሁ ሥሩ፣ የነገሩን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍል መርጣችሁ ኤ2 ወረቀት እስኪሞላ አሳድጉት፣ ወይም በጥቁር፣ በነጭና በአንድ ግራጫ ብቻ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቅንብሮች አዘጋጁ። ለዚህ ሦስተኛው ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ የብርሃንና የጥላ ትልልቅ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ።

የሰው ሥራ ማየትም በዚህ ጊዜ ውስጥ ይግባ። ወደ ሙዚየም ወይም ወደ ሥዕል ማሳያ ስትሄዱ ሦስት ሥራ ብቻ ምረጡና በእያንዳንዱ ፊት ሃያ ደቂቃ ቁሙ። የቅንብሩን አጥንት በጥቂት መስመር ንደፉ፣ መጠኑንና የተሠራበትን ነገር ጻፉ፣ ብሩሹ የት ፈጥኖ የት እንደዘገየ ፈልጉ። በስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል እኩል መጠን አለው፤ የሁለት ሜትር ሸራና የመዳፍ ስፋት ያለው ህትመት በሰውነት ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ፈጽሞ አይገናኝም።

ቀለም

አምስት ጉዋሽ (በውሃ የሚቀጥን፣ ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ቀለም) ይበቃል፦ ሎሚ ቢጫ፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀመስ ቀይ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) እና ነጭ። ነጩን ትልቅ ቱቦ ግዙ፣ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል። ጥቁር አትግዙ። አልትራማሪንና በርንት አምበር ሲደባለቁ ጥቁር ለማለት የሚበቃ ጥልቅ ቀለም ይወጣል፤ ነጭ ሲጨመርበት ደግሞ ሰማያዊው ከበዛ ቀዝቃዛ፣ አምበሩ ከበዛ ሞቅ ያለ ግራጫ ይሆናል። ከቱቦ የወጣ ጥቁርና ነጭ ይህን ክልል አይሰጥም።

ማጀንታና አልትራማሪን ንጹሕ ሐምራዊ ይሰጣሉ። ማጀንታው በብርቱካናማ ቀይ ከተተካ ግን ሐምራዊው ይቆሽሻል፤ ቀዩ ውስጥ ያለው ቢጫ ሰማያዊውን ያከስመዋልና። በተመሳሳይ ምክንያት ሎሚ ቢጫና አልትራማሪን የሚሰጡት አረንጓዴ ደብዘዝ ያለ ነው። ርዕሳችሁ ደማቅ አረንጓዴ የሚጠይቅ ከሆነ ስድስተኛ ቀለም ሳያን (አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ) ጨምሩ።

መጀመሪያ ሰንጠረዥ ሥሩ። 300 ግራም በሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ሁለት ሁለት ቀለም እያጣመራችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰባት ደረጃ ተሻገሩ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ሥር ነጭ የተጨመረበትን አስቀምጡ። ጉዋሽ ሲደርቅ ይለወጣል፦ ጥቁረት ያለው ይፈዛል፣ ፈዘዝ ያለው ደግሞ ትንሽ ይጠቁራል። ስለዚህ ቀለም የምታመሳክሩት በእርጥቡ ሳይሆን ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ ሲደርቅ ነው። ቅቡ ላይ የብሩሽ ፈር ከታየና ወረቀቱ ከሥር ከገለጠ ውሃ በዝቶበታል፤ ከደረቀ በኋላ ከተሰነጠቀ ወፍሯል። ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን እየፈታ ካቆሸሸው ብሩሹ ከመጠን በላይ ርሷል ወይም አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ሄዳችሁበታል። ጉዋሽ ከደረቀም በኋላ በውሃ ይሟሟል፤ አንዴ አኑሮ ማለፍ ነው።

ከዚያ ወደ ርዕሱ ሂዱ። ካርቶን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አብጁና በእሱ በኩል የነገሩን ቀለም ተመልከቱ። ከአካባቢው ተነጥሎ ሲታይ «ነጭ» የተባለው ግድግዳ ሐምራዊ ግራጫ፣ «ቡናማ» የተባለው ግንድ አረንጓዴ ቀመስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ከተመሳሳይ ቦታ ስምንት ስምንት የቀለም ቁራጭ ሰብስቡ። በአምፖል ብርሃን የተመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች በቀን ብርሃን ሊለያዩ ስለሚችሉ ማመሳከሩ እዚያው በቦታው ይሁን።

አንድ ቀን ሙሉ ሊሰጠው የሚገባ ልምምድ አለ። በጀርመኑ የዲዛይን ትምህርት ቤት በባውሃውስ ያስተማረው ሠዓሊ ጆሴፍ አልበርስ ኋላ በአሜሪካ ሲያስተምር ተማሪዎቹን አንዱን ቀለም ሁለት አስመስላችሁ አሳዩ ይላቸው ነበር። ያሠራቸውም ባለቀለም ወረቀት ነበር። ከአንድ ወረቀት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች አንድ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ በእጅ የተደባለቀ ቀለም ይህን ዋስትና አይሰጥም። እናንተም የቀባችኋቸውን ቁራጮች ተጠቀሙ፦ ሁለት እኩል ካሬ ከአንድ ወረቀት ቆርጣችሁ አንዱን በጠቆረ፣ ሌላውን በፈዘዘ መደብ ላይ አኑሩ። የመደቦቹን ቀለም እየቀያየራችሁ ልዩነቱ ከፍ የሚልበትን ፈልጉ። ከሃያ ሙከራ ሁለቱ ቢሳኩ ጥሩ ነው፤ እነዚያ ሁለቱ የመጨረሻው ዲዛይን የቀለም መሠረት መሆን ይችላሉ።

የፀሐይ ህትመት

ይህን የፀሐይ ህትመት ዘዴ፣ ሳያኖታይፕን፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል ነው። አና አትኪንስ ከ1843 ጀምሮ የባሕር አልጌዎችን ምስል በዚሁ ዘዴ አተመች፤ አርክቴክቶችም ለረጅም ጊዜ ፕላን ሲያባዙ የኖሩት በእሱ ነው። ጨለማ ክፍል አያሻውም፤ ለረጅም እረፍት የተመቸ ሥራ ነው።

ሁለት ፈሳሽ ለየብቻ አዘጋጁ። አንደኛው 25 ግራም አረንጓዴ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፤ ሁለተኛው 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ በ100 ሚሊ ሊትር። ለየብቻ በጨለማ ጠርሙስ ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ሻጋታ ካወጣ አጣሩት። ጓንት አድርጉ፣ የምግብ ዕቃ አትጠቀሙ። ፌሪሲያናይዱን ከጠንካራ አሲድ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፣ በእሳትም አታሙቁት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በቀን የምትጨርሱትን ያህል ብቻ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ለአንድ ኤ4 ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በደብዛዛ የአምፖል ብርሃን፣ ብረት በሌለው የስፖንጅ ወይም ሰፊ የፀጉር ብሩሽ ወደ ጎን ከዚያም ወደ ታች ቀቡት። የብሩሽ ብረት ፈሳሹን ከነካ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይፈጥራል። ወረቀቱ በጨለማ ፈጽሞ ይድረቅ። ካልደረቀ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ምስሉም ይለቃል። አሲድን የሚከላከል ኖራ የተጨመረባቸውን ወረቀቶች ግን ተዉአቸው፤ ይህ ሰማያዊ አልካላይን አይወድም፤ ይደበዝዛል።

ቅጠል ወይም ሌላ ጠፍጣፋ ነገር በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ርዕሳችሁ ደረጃ ወይም ሽቦ ከሆነ ንድፉን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ቀለም በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ገልብጡት፤ ጥቁሩ መስመር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከላይ መስታወት፣ ከሥር ጠንካራ ሰሌዳ አድርጋችሁ በመቆንጠጫ አጥብቁት። መስታወቱ ያልተጫነው ቦታ ዳሩ ይደበዝዛል።

የፀሐይዋን ጊዜ በቁራጭ ወረቀት ፈትሹ፦ በካርቶን ሸፍናችሁ በየሁለት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ግለጡ። በጠራ የቀትር ፀሐይ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የተለመደ ነው፤ በደመና ብዙ እጥፍ ሊረዝም ይችላል፣ ግን ይሠራል። የተገለጠው ክፍል ከቢጫ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ግራጫ ነሐስ ሲለወጥ አንሱት። ቶሎ እንደተነሳ የሚያሳብቀው ማጠቢያው ነው፤ ሰማያዊው ከውሃው ጋር ሄዶ ምስሉ የሳሳ ይቀራል። ውሃው ቢጫ ማውጣት እስኪያቆም ድረስ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እጠቡት። ነጩ ሰማያዊ ከቀላቀለ ወይ ወረቀቱ አስቀድሞ ብርሃን ነክቶታል፣ ወይ የቀላቀላችሁት ፈሳሽ አድሯል፣ ወይ ማጠቡ አንሷል። ሙሉ ጥልቀቱ ከአንድ ቀን በኋላ ይመጣል፤ የቸኮለ በአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት ሚሊ ሊትር የፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምሮ ቢነክረው ወዲያው ያየዋል።

ሊኖከት

ሳያኖታይፕ ቅርጹን ይቀበላል፤ ሊኖ ግን ውሳኔ ይጠይቃል፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ግራጫ የለውም። 15 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሊኖሊየም ያዙ። ንድፉን በ6ቢ እርሳስ ስስ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ፊቱን ገልብጣችሁ አሹት፤ በራሱ ተገልብጦ ይታተማል። ፊደል ካለበት በመስታወት አረጋግጡ፦ እንደ ቱ እና ቲ ቅጥያቸው በስተቀኝ ያለ ፊደላት ሰሌዳው ላይ ቅጥያቸው በስተግራ መታየት አለበት።

የደረቀ ሊኖ ይፈረፈራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ብታሞቁት ይለሰልሳል። ዳሩን በቀጭኑ ባለ ቪ መቅረጫ ዙሩ፣ ሰፊውን ቦታ በባለ ዩ ጥረጉ። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ጀርባውን የያዘው ጆንያ እስኪታይ አትውረዱ። ሌላው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ በስተኋላ ይሁን። ኃይል መጨመር ካስፈለገ መቅረጫው ደንዝዟልና ሳሉት፤ ሰው የሚቆረጠው በደነዘዘው ነው።

ቀለሙን መስታወት ላይ በሮለር አሳሱት። ሮለሩ ሲሄድ ቀጭን፣ እኩል የሆነ ድምፅ ካሰማ ልኩ ደርሷል፤ የሚጣበቅ ከባድ ድምፅ ካወጣ በዝቷል፣ ቀጫጭኑን መስመርም ይደፍናል። ሁለት ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ለስላሳ ወረቀት ከላይ አኑራችሁ ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ እሹ፣ አንዱን ጥግ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ህትመቶች ሰሌዳው ቀለም ስለሚጠጣ ገርጥተው ይወጣሉ፤ አትጨነቁ። በጥቁሩ ውስጥ ነጭ ጠጠር መሳይ ነጥብ ከበዛ ቀለም ወይም ጫና አንሷል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም በሙቀት ቶሎ ይደርቃልና ማለዳ አትሙ።

ክምሩን ወደ አንድ ሥራ

ሁሉንም ወለል ላይ ዘርጉ፣ አሥራ ሁለት ምረጡ። የሚመረጠው ቆንጆው ሳይሆን አጠገቡ ካለው ጋር ሲቀመጥ አዲስ ነገር የሚያሳየው ነው። ያስፈለጋችሁን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጉ፤ ጥቁርና ነጭ መስመሩን በ1200። ፋይሉን በቲፍ አስቀምጡ፤ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ጥራት ይቀንሳል።

የመጨረሻው ሥራ ፖስተር፣ መጽሐፍ ወይም ተደጋጋሚ ጥለት ሊሆን ይችላል። ጥለቱ ይሻላል፤ የተሰበሰበውን ቅርጽ፣ ባዶ ቦታና ቀለም በአንድነት ይፈትናል። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ወረቀት መሐል ላይ፣ ዳሩን ሳትነኩ ቅርጾቹን ንደፉ። ወረቀቱን ቀጥ ብላችሁ ለሁለት ቁረጡ፣ ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ ከጀርባ በፕላስተር ያዙት። አሁን ወደ ጎን ቁረጡና ላይና ታቹን አቀያይሩ። መሐል ላይ የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ሙሉት፤ ዳሩን አሁንም አትንኩ። ስካን አድርጋችሁ ሦስት በሦስት ስትደረድሩት ያለ ስፌት ይገጥማል።

ከዚያ ከሦስት ሜትር ርቀት ተመልከቱ። ከሩቅ የተዘረጋ ነጭ መንገድ ወይም ሰልፍ የያዘ ጥቁር ጉብታ ከታየ ክፍተቶቹ አልተመጣጠኑም፤ ተመልሳችሁ አንድ ትንሽ ቅርጽ አንሱ ወይም ጨምሩ። ስክሪን ብርሃን ያወጣል፣ ወረቀት ግን ይመልሳል፤ ስለዚህ አልትራማሪኑና ማጀንታው ሲታተሙ መፍዘዛቸው አይቀርም። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ኤ4 ቁራጭ በትክክለኛ መጠኑ አሳትሙና በቀን ብርሃን ከቀባችሁት የቀለም ቁራጭ ጎን አኑሩት፤ ልዩነቱን ፋይሉ ላይ አስተካክላችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሳትሙ።